ተራራ ላይ የተመታ ኳስ ስንት ይቆጠራል? የዴንቨር ሜዳና የኦል-ስታር ምርጫ፦ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

በ2018 ሰመር ከዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ ለሐበሻ ልጆች የሒሳብ ማጠናከሪያ እሰጥ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት፣ በነፃ። ልጆቹ ዘጠኝ ናቸው፤ ትንሹ 12 ዓመቱ፣ ትልቋ 16። ሁሉም የተወለዱት ወይም ያደጉት ኮሎራዶ ነው። ቤታቸው አማርኛ ይወራል፤ ቴሌቪዥኑ ግን የቤዝቦሉን ቡድን የኮሎራዶ ሮኪስን ጨዋታ ያሳያል።

ያን ሰመር አንድ ክርክር ተነሳ። ክርክሩ ወደ ሥራ ተቀየረ፤ ሥራውም አራት ቅዳሜ ፈጀብን። ከዚያም በየዓመቱ እየተመለስን አየነው። እዚህ የምመዘግበው ብዙ ስለተማርኩበት ነው። የልጆቹንና የወላጆቻቸውን ስም አልጽፍም። የተጫዋቾቹን ስም ግን እጠቅሳለሁ፤ የእነሱ ሥራ በአደባባይ የተመዘገበ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤዝቦል ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። የአንዱ ቡድን ወርዋሪ ኳስ ይወረውራል፣ የሌላው መቺ በዱላ ይመታዋል፤ አጥሩን አልፎ የወጣ ምት ሆም ረን ይባላል፣ ነጥብም ያስገኛል። ጨዋታው በመደበኛው ዘጠኝ ዙር አለው። የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ውድድር ሁለት ሊጎች አሉት። በየዓመቱ በሰመር አጋማሽ የሁለቱ ሊግ ምርጦች አንድ ቀን ይጋጠማሉ። ይህ የኦል-ስታር ጨዋታ ነው። የተጀመረው በ1933 ቺካጎ ላይ ነው። ለተጫዋች ኦል-ስታር መባል ትልቅ ክብር ነው፤ ስሙ ላይ ዕድሜ ልኩን ይቀጸላል። ተመልካቹ በድምፅ የሚመርጠው ኳስ የሚመቱትን ቋሚ ተሰላፊዎች ነው። ወርዋሪዎቹንና ተጠባባቂዎቹን ተጫዋቾቹ ራሳቸውና የሊጉ ጽሕፈት ቤት ይመርጣሉ። ከእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ አንድ ሰው መግባት አለበት።

ችግሩ

የዚያ ዓመት ኦል-ስታር የሚካሄደው ዋሽንግተን ዲሲ ነበር። ከተማሪዎቼ የአንዷ የአክስት ልጅ ዋሽንግተን አጠገብ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ ለእረፍት መጥታ ክፍላችን ትቀመጥ ነበር። ልጅቷ የዋሽንግተን ቡድን ደጋፊ ናት። የኛዎቹ ልጆች ስልካቸው ላይ ድምፅ ሲሰጡ አየች። ድምፁ የሚሰጠው ተጫዋቾቹ ሲከላከሉ ሜዳው ላይ በሚቆሙበት ቦታ ነው፦ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ኖላን አሬናዶ፣ ሾርትስቶፕ ላይ ትሬቨር ስቶሪ፣ ውጭ ሜዳ ላይ ቻርሊ ብላክመን። ሁሉም የሮኪስ ልጆች።

«እነዚህ እኮ ተራራ ላይ ነው የሚመቱት» አለች። «እታች አምጧቸውና እንያቸው።»

ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ ልጅ «ቅናት ነው!» አለ። ሌላው «ሜዳውን እነሱ አልሠሩት፤ ምን ያድርጉ?» አለ። ልጅቷም አልተበገረችም። ሾርትስቶፕ ላይ የሳን ፍራንሲስኮው ብራንደን ክሮፎርድ ይሻላል ብላ ድርቅ አለች። «እሱ የሚመታው ባሕር ዳርቻ፣ ብርድ ውስጥ ነው። የሱ አንድ ምት የናንተን ሁለት ያህላል።»

ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት ነበረው፤ ክርክሩ ደስ ያለኝም በዚህ ነው። ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፦ ተጫዋች ሲመረጥ የሚጫወትበት ሜዳ ይታሰብለት ወይስ አይታሰብለት? ቢታሰብ በምን ያህል?

ሜዳው ምን ያደርጋል?

የሮኪስ ሜዳ ኩርስ ፊልድ ይባላል። የተከፈተው በ1995 ነው። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ አንድ ማይል፣ ማለትም 1,609 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። ስታዲየሙ ውስጥ አንድ ረድፍ ወንበር ሐምራዊ ተቀብቷል፤ አንድ ማይል የሚሞላው ልክ እዚያ ረድፍ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ከፍታ ብዙም አያስገርምም፤ አዲስ አበባ ከዴንቨርም በብዙ መቶ ሜትር ትበልጣለች። ለቤዝቦል ኳስ ግን ትልቅ ነገር ነው።

አየሩ ከባሕር ጠለል አየር ከ15 እስከ 18 ከመቶ ይሳሳል። የሳሳ አየር ኳሱን ብዙም አያግደውም። ታች 120 ሜትር የሚሄድ ኳስ ዴንቨር ላይ ቢያንስ 6 ሜትር ያህል ይጨምራል። አጥር ጋ ሊያዝ የነበረው ኳስ አጥሩን አልፎ ሆም ረን ይሆናል።

ይሄ ግማሹ ብቻ ነው። ወርዋሪ ኳሱን አሽከርክሮ ሲለቀው የሚያጣምመው አየሩ ነው። አየሩ ሲሳሳ ኳሱ መጣመም ያለበትን ያህል አይጣመምም። መቺው ፊት ለፊቱ ቀለል ያለ ኳስ ያገኛል። ስታዲየሙን የሠሩት ሰዎች ሆም ረን እንዳይበዛ ብለው ሜዳውን አሰፉት፤ መሃሉ እስከ አጥሩ 126 ሜትር ያህል ነው። ሜዳው ሲሰፋ ደግሞ ኳስ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ በዛ። ሆም ረኑን ሊቀንሱ ብለው ሌላውን ምት ጨመሩት። በ1999 እዚያ ሜዳ ላይ ብቻ 303 ሆም ረን ተመታ። በአንድ ዓመት በአንድ ሜዳ ይህን ያህል ተመትቶ አያውቅም።

የዴንቨር አየር ደረቅም ነው። ደረቅ ኳስ ይቀላል፣ ይጠነክራልም፤ ስለዚህ ሲመታ በጣም ይነጥራል። ከ2002 ጀምሮ ኳሶቹን እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ጀመሩ። ብዙ ረዳ፤ ጨርሶ ግን አላስተካከለውም። አየሩን ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ አይቻልማ።

የወሰድነው እርምጃ

የመጀመሪያው ቅዳሜ፦ ጥሬ ቁጥር። ልጆቹ የየተጫዋቹን አማካይ (ከመምቻ ተራዎቹ ስንት እጁ እንደተሳካለት)፣ ሆም ረንና ያስመዘገበውን ነጥብ ወረቀት ላይ ደረደሩ። ማስተካከያ የለም። የሮኪስ መቺዎች ከላይ ወጡ። የኛዎቹ አጨበጨቡ፤ እንግዳዋ ልጅ ዝም አለች። አንድ ነገር ግን ሁላችንንም አሳሰበን። ሮኪስ በየዓመቱ፣ ሰው ቢቀያየርም፣ በመቺ ዝርዝር ከላይ ነበር። በየዓመቱ እንዲህ የሚሆነው ሰዎቹ ሁሉ በአጋጣሚ ጎበዝ ሆነው ነው ብሎ መቀበል ይከብዳል።

የድሮ ምሳሌም አመጣሁላቸው። በ1995 ዳንቴ ቢሼት ለሮኪስ 40 ሆም ረን መታ። ከአርባው 31ዱ የተመቱት በሜዳው ነው። ከሜዳው ውጭ ዘጠኝ ብቻ። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ላይ ሁለተኛ ወጣ።

ሁለተኛው ቅዳሜ፦ የውጭ ቁጥር ብቻ። ቢሼትን ካየን በኋላ መፍትሔው ቀላል መሰለን። የሜዳውን ጨዋታ እንጣለው፤ ሁሉንም ከሜዳው ውጭ ባለው ቁጥር እንመዝን። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስህተትም ነበር።

የሮኪስ መቺዎች ዝርዝሩ ላይ ቁልቁል ወረዱ። እንግዳዋ ልጅ ፈገግ አለች። ከዚያ ትንሹ ልጅ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ሌሎቹስ ቤታቸው ሲጫወቱ አይሻላቸውም?» አለ። ልክ ነው። በቤዝቦል ብዙው ተጫዋች በለመደው ሜዳ፣ አልጋው ላይ አድሮ፣ በደጋፊው ፊት የተሻለ ይመታል። የሮኪስን ሰው በውጭ ቁጥሩ ብቻ መመዘን ማንም የሚያገኘውን የቤት ጥቅም ከሱ ብቻ መንጠቅ ነው። «ለሁሉም በውጭ ቁጥር እናድርገው» ብንልም ሌላ ችግር አለ። የዴንቨር መቺ ዴንቨር ሲጫወት የማይጣመም ኳስ ይለምዳል። ከዚያ ሳን ዲዬጎ ሲወርድ ኳሱ በሌላ መንገድ ይመጣበታል። ዓይኑ እስኪለምድ ቀናት ይወስዳል፤ ሲለምድ ደግሞ ወደ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ የውጭ ቁጥሩ ከእውነተኛ ችሎታው በታች ነው። የቤት ቁጥሩ ከችሎታው በላይ፣ የውጭ ቁጥሩ ከችሎታው በታች ከሆነ፣ አንዱን ጥሎ ሌላውን መያዝ አያዋጣም።

በዚያ ላይ መረጃውን በግማሽ ቆረጥነው። ኦል-ስታር የሚመረጠው ገና ዓመቱ ሲጋመስ ነው። ሦስት ወር ተኩል የማይሞላ ጨዋታ ላይ ግማሹን ብትጥል የሚቀርህ ትንሽ ነው፤ በትንሽ መረጃ ላይ ደግሞ ዕድል ይነግሣል።

ሦስተኛው ቅዳሜ፦ የሜዳ መለኪያ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስረዳ፤ ከሁሉም የሚጠቅመው ይኼ ነው። አሠራሩ የሚያስፈራ አይደለም፤ ማካፈል የሚችል ልጅ ይሠራዋል። አንድ ቡድን በሜዳው ሲጫወት ሁለቱም ቡድኖች በአንድ ጨዋታ በአማካይ ስንት ነጥብ ያስገባሉ? ያው ቡድን ከሜዳው ውጭ ሲጫወትስ? ሁለቱንም ቡድኖች መቁጠሩ ወሳኝ ነው። እንግዶቹም እዚያው አየር ውስጥ ስለሚመቱ፣ የቡድኑ ጉብዝናና ድክመት ይጣፋና ሜዳው ብቻውን ይቀራል።

ለምሳሌ ያህል ቁጥር ሰጠኋቸው። በሜዳው 12 ነጥብ፣ ከሜዳው ውጭ 9 ነጥብ ይሁን። 12 ለ9 ሲካፈል 1.33 ነው። ማንም ቡድን ግን የሚጫወተው ግማሹን ጨዋታ ብቻ ነው በሜዳው፤ ስለዚህ 1.33ን ከ1 ጋር አማካይ እናደርገዋለን። 1.17 ይሆናል። የመቺው ሥራ 100 ነጥብ የሚያወጣ ከሆነ ለ1.17 ሲካፈል 85 ነው። ከ100 ወደ 85 ወረደ፤ ግን አልጠፋም። በሁለተኛው ቅዳሜ ዘዴ ጠፍቶ ነበር።

ስቶሪና ክሮፎርድን በዚህ ስናይ በጥሬ ቁጥር የነበረው ርቀት ጠበበ። በጸደይ ወራት ክሮፎርድ በጣም ጥሩ እየመታ ስለነበር ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ድምፅ ሰጠን፤ አምስት ለአምስት ወጣ። እኔ ድምፅ አልሰጠሁም።

ማጠናከሪያውን ጨርሰን ስንወጣ የአንዱ ልጅ አባት ልጁን ሊወስድ መጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰምቶን ኖሯል። ወጣት ሳለ አዲስ አበባ ሯጭ ነበር። «ወንድሜ፣ ይህን ነገር እኛ በደንብ እናውቀዋለን» አለኝ። «አዲስ አበባ ስታዲየም አስር ሺህ ሜትር የሮጠ ልጅ ሰዓቱን ብቻ ካየህበት ሰነፍ ይመስልሃል። ትንፋሹን የወሰደው ከፍታው ነው።» ከፍታ ለዴንቨር መቺ ይጨምርለታል፤ ለአዲስ አበባ ሯጭ ይቀንስበታል። የሚቀጥለውን ቅዳሜ ያሰብኩት ከሱ ጋር ስናወራ ነው። ከፍታው የሚጎዳውስ ተጫዋች ማነው?

አራተኛው ቅዳሜ፦ ወርዋሪው። እስካሁን ያወራነው ስለ መቺ ብቻ ነበር። ድምፅ መስጫው ላይ ወርዋሪ ስለሌለ ማንም አላሰበውም። ያን ዓመት ሮኪስ ካይል ፍሪላንድ የሚባል ግራኝ ወርዋሪ ነበረው። ዴንቨር ተወልዶ ዴንቨር ያደገ ልጅ ነው። ወርዋሪ የሚመዘነው በዘጠኝ ዙር በአማካይ ስንት ነጥብ እንደገባበት ነው፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። የፍሪላንድ ጥሬ ቁጥር ጥሩ ነበር፤ ግን ከሊጉ ኮከብ ወርዋሪዎች በታች ተቀምጧል።

ልጆቹን ያንኑ 1.17 ለወርዋሪ ተጠቀሙበት አልኳቸው። በምሳሌ፦ 3.20 የገባበት ወርዋሪ ለ1.17 ሲካፈል 2.74 ይሆናል። ተቀምጠው ሠሩት። ትልቋ ልጅ እርሳሷን አስቀምጣ «ጋሼ፣ ሜዳው የኛን ሰው አወጣው እኮ!» አለች። ባለፈው ቅዳሜ የተናደዱበት ቁጥር፣ የሮኪስን መቺ ያወረደው ቁጥር፣ የሮኪስን ወርዋሪ ወደ ላይ አወጣ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ማንም «ይሄ መለኪያ እኛን ለመጉዳት ነው» አላለም።

ውጤቱ

ጁላይ ላይ ስም ዝርዝሩ ወጣ። ሾርትስቶፕ ላይ ተመልካቹ ክሮፎርድን መረጠ። አሬናዶ በተመልካች ድምፅ፣ ስቶሪና ብላክመን በተጠባባቂነት ገቡ። ፍሪላንድ አልገባም። ከሮኪስ ሦስት ሰው ሄደ፤ ሦስቱም መቺዎች ናቸው። ሜዳው የሚጠቅማቸው ሦስቱ ተመረጡ፤ ሜዳው የሚጎዳው አንዱ ቀረ።

ለኔ የጉዳዩ እምብርት ይኼ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ሜዳው ለመቺ ስለሚሰጠው ያልተገባ ክብር ነው። የሜዳው ትልቁ በደል ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ማንም ስሙን በማይጠራው ወርዋሪ ላይ። የተጋነነ ቁጥር ይታያል፣ ክርክርም ያስነሳል። የተሸፈነ ቁጥር ግን ፀጥ ብሎ ያልፋል።

ዓመቱ ሲያልቅ ፍሪላንድ 17 አሸንፎ 7 ተሸነፈ። 2.85 ጨረሰ፤ በሮኪስ ታሪክ አንድ ቋሚ ወርዋሪ በአንድ ዓመት ያስመዘገበው ዝቅተኛው ነው። በዚያ ከባድ ሜዳ ላይ ብቻ ሲቆጠር 2.40 ነበር። በሊጉ የምርጥ ወርዋሪ ሽልማት አራተኛ ወጣ። ኦክቶበር ላይ ቺካጎ በነበረው የማጣሪያ ጨዋታ ስድስት ዙር ከሁለት ሦስተኛ ወርውሮ አንድ ነጥብ አላስገባም፤ ሮኪስ በ13ኛው ዙር 2 ለ1 አሸነፈ። ክሮፎርድ በሁለተኛው አጋማሽ ወርዶ 0.254 ጨረሰ። ስቶሪ 37 ሆም ረንና 0.291። ስቶሪ በኦል-ስታሩ ዕለትም ዋሽንግተን ላይ፣ ከባሕር ጠለል ብዙም በማይርቅ ሜዳ፣ ሆም ረን መትቷል። ልጆቹ በደስታ ጮኹ። አንድ ምት ምንም እንደማያረጋግጥ ነገርኳቸው፤ አብሬያቸው ግን ጮኬያለሁ።

የሠራው

ሁለቱንም ቡድን የሚቆጥረው መለኪያ ሠራ። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ የሚመዝኑት በደጋፊነት ነበር፤ አራተኛው ቅዳሜ ላይ ማንም ቁጥሩ ወዴት እንደሚወስደው አስቀድሞ አላወቀም። የሦስት ዓመት አማካይ መውሰዳችንም ጠቀመ። የአንድ ዓመት የሜዳ ቁጥር በአየር ጠባይና በአጋጣሚ ይዋዥቃል።

ሌላም ቀላል ነገር ነበር። አንዷ ልጅ እስከዚያ ቀን ድረስ የትኛው ቡድን ስንት ጨዋታ በሜዳው እንደተጫወተ ቆጠረች። በዓመቱ መጨረሻ ሁሉም 81 በቤት፣ 81 በውጭ ይጫወታል። አጋማሹ ላይ ግን እኩል አይደለም። ግማሽ ለግማሽ ብለን የሠራነው ማስተካከያ ለአንዳንዱ ቡድን ትክክል አልነበረም። እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ያልሠራው

የውጭ ቁጥር ብቻ መውሰዱ አልሠራም፤ ብዬዋለሁ። አንድ መለኪያ ለሁሉም ሰው እኩል ማዋሉም ጉድለት አለበት። ሜዳ ሁሉንም እኩል አይጠቅምም። ቦስተን ውስጥ በግራ በኩል 11 ሜትር የሚረዝም አረንጓዴ ግድግዳ አለ። ኒው ዮርክ የያንኪስ ሜዳ በቀኝ ጥጉ አጭር ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በቀኝና በመሃል መካከል የነበረው ርቀት ለግራኝ መቺ ጭንቅ ነበር፤ ክሮፎርድ ደግሞ በግራ ነው የሚመታው። አማካይ ቁጥር ይህን ሁሉ ይጨፈልቀዋል።

ይህን በደንብ ያስተማረን ቀጥሎ የሠራነው ስህተት ነው። የሮኪሱ ዲ.ጄ. ለሜሂዩ በ2016 በአማካይ 0.348 መትቶ የሊጉን አንደኝነት ወስዶ ነበር። በቤት 0.391፣ በውጭ 0.303። ያን ዓመት ኦል-ስታር አልነበረም። በጃንዋሪ 2019 በሁለት ዓመት 24 ሚሊዮን ዶላር በሌላኛው ሊግ ወዳለው ያንኪስ ሄደ። ልጆቹን ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኳቸው። ብዙዎቹ «ይወድቃል» ብለው ጻፉ። እኔም እንደዚያው አሰብኩ።

0.327 መታ። 26 ሆም ረን፣ 102 ያስገባ ነጥብ። ኦል-ስታር ሆነ፤ ቋሚ ተሰላፊም ነበር። በ2020፣ በወረርሽኙ ምክንያት ባጠረው ዓመት፣ 0.364 መትቶ የዚያኛውንም ሊግ አንደኝነት ወሰደ። ኳስን ወደ ቀኝ የመላክ ልማዱ ከያንኪስ አጭር ጥግ ጋር ገጠመ። ከፍታ እየወጡ መውረድም ቀረለት። አሬናዶም በ2021 ወደ ሴንት ልዊስ ሄዶ መጀመሪያ 0.255 ቢመታም 34 ሆም ረን ነበረው፤ በ2022 ደግሞ 0.293 መትቶ በዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ምርጫ ሦስተኛ ወጣ። መለኪያው የተሠራውን ሥራ ለመመዘን ጥሩ ነው፤ ሰውየው ሌላ ቦታ ምን እንደሚሆን ለመተንበይ ግን አይበቃም። በተቃራኒውም ፍሪላንድ በ2019 ወድቆ 6.73 ጨረሰ። የ2018ቱን ሥራ ግን ይህ አይሽርበትም፤ ምርጫው የዚያ ዓመት ነበርና።

ለሌላ የሚጠቅመው

ሜዳው ይታሰብ ብዬ አምናለሁ። መታሰብ ማለት ግን ማስላት ነው፤ መጠርጠር አይደለም። ልዩነቱን የሚያሳየው የላሪ ዎከር ታሪክ ነው። ዎከር በ1997 ለሮኪስ 49 ሆም ረን መታ። ከእነዚህ 29ኙ ከሜዳው ውጭ የተመቱ ናቸው፤ በዴንቨር 20 ብቻ። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችም ሆነ። የቤዝቦል ታላላቆች በድምፅ ተመርጠው ለሚገቡበት የዝነኞች አዳራሽ ሲቀርብ ግን በ2011 ያገኘው ድምፅ 20.3 ከመቶ ነው፤ በ2014 ወደ 10.2 ወረደ። የሚያስፈልገው 75 ነው። «ኩርስ ፊልድ ነዋ!» ብሎ መዝገቡን መዝጋት ለብዙ ሰው ቀለለው። በመጨረሻው፣ በአስረኛው ዓመት፣ በ2020 76.6 አግኝቶ ገባ። ያተረፈው ስድስት ድምፅ ብቻ ነው። የቀየረው ሰዎች ቁጭ ብለው ማካፈላቸው ነው። ሲካፈል የዎከር ቁጥር ይቀንሳል፤ ተቀንሶም ግን ትልቅ ነው።

እኔ ይህን ለሥራ ቦታም ለትምህርት ቤትም ወስጄዋለሁ። ከሀብታም ሠፈር ትምህርት ቤት የመጣን ልጅ «ቤተሰቡ አስጠንቶት ነው» ብሎ መጣል ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ከድሃ ሠፈር የመጣን 80 ከሌላው 80 ጋር እኩል ማየት የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። በሁለቱም አልስማማም። ማንንም ስመዝን አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው «እዚያ ቦታ ላይ ሌላው ሰው ምን ያህል ሠራ?» ብዬ ነው። እንግዶቹንም መቁጠር ማለት ይኼ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ድምፅ መስጫው ላይ የሌለውን እፈልጋለሁ፤ ቦታው የሸፈነውን ሰው።

አንዳንዴ ደግሞ ከማስላት ቦታውን መቀየር ይሻላል። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን የ10 ሺህ ሜትር ማጣሪያውን ኔዘርላንድስ ሄንግሎ ወስዶ ያካሄደባቸው ጊዜያት አሉ። ከፍታ የለም፣ ሁሉም በአንድ መም ላይ በአንድ ቀን ይሮጣል፤ ሰዓቱ ያለ ማስተካከያ ይናገራል። ለተሰንበት ግደይ በጁን 2021 በ29:01.03 የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረችው እዚያው ማጣሪያ ላይ ነው። ለቤዝቦል ይህ አይሆንም፤ 162 ጨዋታ ወደ አንድ ሜዳ አይወሰድም። ስለዚህ ማካፈሉ የግድ ነው።

የተመልካቹን ድምፅ በተመለከተ ልጆቹ አልተስማሙም፤ እኔም አላስገደድኳቸውም። በ1957 የሲንሲናቲ ደጋፊዎች ድምፅ አግተልትለው ሰባት የራሳቸውን ሰው ቋሚ ሲያደርጉ የውድድሩ የበላይ ኃላፊ፣ ኮሚሽነሩ፣ ሁለቱን አውጥቶ ዊሊ ሜይስንና ሃንክ አሮንን አስገባ፤ የተመልካች ምርጫም እስከ 1970 ተነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ተመልካቹ የሚወደውን ይመርጣል። እኔ ይምረጥ ባይ ነኝ። ትኬት የገዛ ሰው ማየት የሚፈልገውን ይይ። ማካፈል ያለባቸው ተጫዋቾቹና የሊጉ ጽሕፈት ቤት ናቸው፤ እነሱ የሚሞሉት ክፍል ለዚህ ነው የተተወው። ፍሪላንድም የቀረው በእነሱ እጅ ነው።

ያልፈታነው

አንድ ጥያቄ ሳንመልስ ቀረን። ብላክመን የመሃል ውጭ ሜዳ ተጫዋች ነበር፤ በሊጉ ከሁሉ ሰፊ በሆነው ሣር ላይ በየማታው ይሮጥ ነበር። የሚመታው በቀላል አየር ነበር፤ የሚሮጠውም በቀላል አየር ነበር፣ ሳንባ በሚያቃጥለው። ለመምታቱ የቀነስንበትን ያህል ለሩጫው ምን እንጨምርለት? ትንሹ ልጅ ነው የጠየቀው፣ በመጨረሻው ቅዳሜ፣ ቦርሳውን አንግቦ በር ላይ ቆሞ። አሁን ኮሌጅ ገብቷል። ባለፈው ሲደውልልኝ ጥያቄውን አልረሳውም፤ «ጋሼ፣ እሱን ነገር እኮ እስካሁን አልሠራነውም» አለኝ። የሚያስፈልገን የውጭ ሜዳ ተጫዋቾች በየሜዳው የሮጡት ርቀት ነው። እሱ መረጃውን እየሰበሰበ ነው፤ እኔ ማካፈሉን ይዣለሁ።